ከጥያቄው በፊት ደጅ የሚወጣው ሰው

በዚያ ቀን ሲቲ ስካን ክፍል የነበርነው እነዚህ ነን፦ ወጣቱ ሐኪም፣ ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ሰናይት፣ ከይጁቤ የመጡት ሃምሳ አለቃ ደሴ፣ የንስሐ አባታቸው ቄስ አላምረው እና እኔ። ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ተዛውሬ የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ ነበር።

ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ሥራዬ ክፍሉን ማጽዳት፣ ተራ ማስያዝና ታካሚውን ደግፎ ማስተኛት ነበር። ሰናይት «እትዬ ጥሩ፣ ብረት ያለው ነገር አብሮ እንዳይገባ» አለችኝ። ስለፈራሁ የራሴን የፀጉር መርፌ ሳይቀር አወለቅሁ። «አንቺን አይደለም እኮ የምናነሣው» ብላ ሳቀችብኝ።

ምርመራው ለታመመ ሰው አልነበረም። ብዙ ዓመት ያጨሱ ሰዎች፣ ትተውትም ቢሆን፣ ሳያማቸው ሳንባቸው ይታያል። ካንሰር ቢኖር ገና ትንሽ ሳለ ከተገኘ ሊታከም ይችላል።

«ሃምሳ አለቃ፣ ሲጋራ ያጨሱ ነበር?» አለ ሐኪሙ።

ሃምሳ አለቃ ቄሱን አየት አደረጉ። «የለም።»

«ጨርሶ?»

«ጨርሶ።»

«እንዲያ ከሆነ ይህ ምርመራ ለእርስዎ አይደለም። ጨረር ስላለው ላላጨሰ ሰው በከንቱ አናደርገውም።»

ሃምሳ አለቃ ሊሄዱ ዱላቸውን ይዘው ብድግ አሉ።

በእኛ ዘንድ ተናዝዞ ንስሐውን የፈጸመ ሰው ያንን ኃጢአት መልሶ አያነሣም። ቢያነሣው ምሕረቱን እንደ መጠራጠር ይቆጥረዋል። ቄሱም በንስሐ የሰሙትን አይናገሩም። ሃምሳ አለቃ የካዱት፣ ቄሱም ያላረሟቸው ለዚህ ነው። ይህ የገባኝ ኋላ ነው።

ቄስ አላምረው ተነሡ። ማንንም ሳያዩ «ሣር ቤት ውስጥ እሳቱ ቢጠፋም ጥቀርሻው ጣራው ላይ ይቀራል። ምድጃውን የጠረገ ጣራውን አልጠረገም» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «በሩን ክፈችልኝ ልጄ፣ እዚህ ሞቀኝ» አሉ። ደጅ ዝናብ ነበር።

በሩን ዘግቼ ስመለስ ሃምሳ አለቃ ተመልሰው ተቀምጠዋል። «ጦር ሜዳ ሳለሁ ጀመርሁ። ጡረታ እስክወጣ በቀን ከአንድ ፓኮ አላንስም ነበር» አሉ። ደግሞ «ልዋሽህ ብዬ አይደለም፤ በንስሐ ተሰርዟል ብዬ ነው» አሉት ሐኪሙን።

ሐኪሙ አልሳቀም። «እኔ የምጠይቅዎ ስለ ሳንባዎ ብቻ ነው» አለ።

ማሽኑ ላይ ላስተኛቸው ስል ሃምሳ አለቃ «ማተቤን አልበጥስም» አሉ። የብረት መስቀሉን ብቻ ከክሩ አወጣሁት። «አደራ» አሉኝ። ምርመራው እስኪያልቅ በመዳፌ ጨብጬ፣ እንዳይወድቅብኝ እየሰጋሁ ቆምሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ሚስትም ትሁን ልጅ፣ ቄስም ይሁን ጎረቤት፣ ከጥያቄው በፊት አስወጣለሁ። የሚቆጡኝ አሉ። አንዲት ሴት «ስንት ዘመን አብሬው ተኝቼ፣ ዛሬ አንቺ ልትደብቂኝ?» አለችኝ። «ለአፍታ ነው፣ እታለም» ብዬ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኋት።

የእኔ ልጅ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ያጨሳል። ስደውልለት «ትቻለሁ፣ እማዬ» ይለኛል፤ ወዲያው ሲያስል እሰማለሁ። በእሱ ነገር ደጅ መቆም ያለብኝ እኔው ነኝ። ሐኪሙ እንዲደውልለት ለመንሁት፤ ደወለለት። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅሁም። ማታ ቤቴ የሚያናግረኝ ሰው የለም። ስልኩን አነሣና ልጠይቀው እላለሁ፤ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

የሃምሳ አለቃ ሳንባ ላይ ትንሽ ነጥብ ታየ። ሐኪሙ «ካንሰር ነው አላልሁም። ማደግ አለማደጉን ለማወቅ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግመን እናየዋለን» አላቸው። በቀጠሯቸው ቀን በር በሩን ሳይ ዋልሁ። አልመጡም። ስልካቸው ዝግ ነው። ከይጁቤ የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ። እስካሁን የሚያውቃቸው አላገኘሁም።

ከእኔ ቀጥሎ ክፍሉን ለምትረከቡ የምለው ይህን ነው። ሰው በሚያፍረው ወይም በሚወደው ሰው ፊት ማጨሱን አይናገርም። መጀመሪያ አስታማሚውን አስወጡ፣ ከዚያ ጠይቁ።

ይጁቤ አካባቢ ሃምሳ አለቃ ደሴን የሚያውቅ ካለ፣ እንዴት እንደሆኑ ይንገረኝ።