አትንኩብኝና ሳይጠየቅ የመጣው መልስ

ስሟን ሰፈሩ ረስቶታል። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሁሉ «አትንኩብኝ አለች?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ስሙ የወጣላት ደግሞ ከገዛ አፏ ነው። ልብስ ሰፊ ናት። ከካውያዋ ጎን፣ የመተኮሻው ጠረጴዛ ጥግ ላይ፣ የቼዝ ሰሌዳ ሁሌም ተዘርግቶ ይኖራል። ደንበኛ ኮቱን ሊያስቀምጥ እጁን ወደዚያ ሰደድ ካደረገ፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና እንኳ ሳትል «አትንኩብኝ!» ትላለች። ዓይኗ ማጅራቷ ላይ ነው ብሎ የሚምል ሰው አለ።

ሰሌዳው ለዓይን አይሞላም። ነጯ ንግሥት ጠፍታ ባዶ የክር ማጠንጠኛ ነግሣለች፤ ከወታደሮቹም ሁለቱ የካፖርት ቁልፎች ናቸው። አንድ ጊዜ ቁልፍ የጎደለበት ደንበኛ ወደ ሰሌዳው ጠቁሞ «ይሄኛው ከኮቴ ጋር ይሄዳል፣ እሱን ተኪልኝ» ቢላት፣ «እሱ ዘመቻ ላይ ነው» ብላ መለሰችው።

ጨዋታውን ያስተማሯት አንድ ጡረተኛ ፖስተኛ ናቸው። የተበላሸው ዚፕ የለበሱት ሱሪ ላይ ስለነበር፣ እስኪቀየር ከመጋረጃው ጀርባ ቁጭ ብለው መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። ዝም ማለት የማይሆንላቸው ሰው ነበሩና ከቦርሳቸው ያወጡትን ሰሌዳ በመጋረጃው ሥር አቀበሏት፤ ከዚያ «ፈረሱን ከንጉሡ ፊት አድርጊልኝ፤ አሁን ያንቺ ተራ ነው» እያሉ ከውስጥ ያዝዟት ጀመር። የዚያን ቀን ከቁርጭምጭሚታቸው በቀር ምናቸውንም ሳታይ ተሸነፈች። በኋላማ ደህናውን ሱሪ ሁሉ «ዚፑ ትንሽ ጠበቅ ይላል» እያሉ ይዘው ይመላለሱ ጀመር። ጡረተኛና ባሏ የሞተባት ሴት፣ መሀል ላይ መጋረጃ፣ ሱሪ የለም፤ ወሬ ከዚህ ሌላ ምን ስንቅ ይፈልጋል? ቼዝ ብቻ መሆኑን ስንሰማ ሁላችንም ትንሽ ከፋን። ፖስተኛው ሲሞቱ ሰሌዳው እሷው ዘንድ ቀረ።

ስለዚህ ከማታየው ሰው ጋር መጫወት ለእሷ ብርቅ አይደለም። የርቀት ቼዝ የሚያጫውት ማኅበር አለ። አባላቱ በየከተማቸው ቁጭ ብለው እርምጃቸውን በስልክ መልእክት ይላላካሉ፤ ለአንድ እርምጃ ቀናት ይሰጣል። መጽሐፍ ማገላበጥ ይፈቀዳል። ሌሎች የተጫወቱትን ማየት፣ ጠጠሮቹን በገዛ ሰሌዳ ላይ እያንቀሳቀሱ መሞከርም ይፈቀዳል። የኮምፒውተር ፕሮግራምና የሌላ ሰው ምክር ግን ጨዋታው እስኪያልቅ ክልክል ነው።

«ምን ለየው?» ይሏታል ደንበኞቿ። «መጽሐፉም እኮ ይነግርሻል።»

«መጽሐፍ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሞዴል ነው» ትላለች። «አይቼ የምቆርጠው እኔ ነኝ፤ ባበላሽም የማበላሸው እኔ ነኝ። ፕሮግራሙ ግን የተሰፋ ልብስ ገዝቶ የራስን ምልክት መለጠፍ ነው። እሱን የፈለገ ገበያ ይሂድ።»

አምና ሌላ ከተማ የሚኖር አንድ ፋርማሲስት አሸነፈች። ሰውየው የማኅበሩ አባላት በሚያወሩበት የስልክ ግሩፕ ላይ «አንዳንዱ በጭንቅላቱ ይጫወታል፣ አንዳንዱ በሶኬት» ብሎ ጻፈ። ስም አልጠራም፤ እሷን፣ በፕሮግራም አሸነፈች ማለቱ እንደሆነ ያልገባው ግን አልነበረም። ወሬው ሰፈራችን የደረሰው ከጠዋቱ ዳቦ ቀድሞ ነው። ሱሪ ሊያስጠብብ የመጣ ወጠጤ ሁሉ «ሶኬቱ የት ነው?» እያለ ጠረጴዛው ሥር ያጎነብስ ጀመር። እሷ እያባረረች ስፌቷን ቀጠለች። ዘንድሮ ከፋርማሲስቱ ጋር እንደገና ዕጣ ሲደርሳት ግን «ደግሜ አሸንፈዋለሁ፤ ያኔ አፉን ሰፍቼ እሰጠዋለሁ» አለች። ይህን ስትል የሰማ ሁሉ ጨዋታውን የራሱ አደረገው።

ደግሞም እያሸነፈች ነበር። ፋርማሲስቱ ተከቧል፤ የቀረችለት መከላከያ አንዲት ንግሥቱ ናት። አትንኩብኝ ቀኑን ሙሉ ስትሞክር ቆይታ ፈረሷን ለማስገባት ወሰነች፤ በልብስ ጠመኔዋም ከፈረሱ እስከሚያርፍበት ቤት ድረስ ሰሌዳው ላይ መስመር አሰመረች። ልማዷ ነው፤ አስምራ አድራ ነው የምትልከው።

በማግስቱ የታናሽ እህቷ ባል ጃኬቱን ሊወስድ መጣ። ታክሲ ነጂ ነው፤ ልቡ ንጹሕ፣ አፉ ግን ፍሬን የሌለው። እሷ ከአንዲት ደንበኛ ወገብ ጋር ስትታገል፣ እሱ ሰሌዳውን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ላይ ተገትሮ ጮኸ፦

«እትዬ! ንጉሥሽን ወደ ጥጉ ገለል አድርጊው! አንድ ቤት ብቻ! አለቀለት! ኮምፒውተሩ ነው ያለው!»

የስፌት መኪናው ቆመ። ተራ የሚጠብቁት ሁለት ሰዎች ተያዩ።

«ምን አልክ?» አለችው።

ያልሰማች መስሎት ይበልጥ ጮክ አድርጎ ደገመው።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ተነሥታ ሰሌዳውን አየችው፤ ፊቷም ተለዋወጠ። ነገሩ እውነት ነበር። ንጉሡ ጥግ ከገባ የፋርማሲስቱ ንግሥት የምታስጨንቀው ነገር አይኖራትም፤ ከዚያ በኋላ ፋርማሲስቱን ማን ያድነዋል? እንደ ሞት የከበዳት ደግሞ ራሷ አለማየቷ ነው። ያን ሁሉ ቀን ስታፈጥበት ውላ ይህቺ እርምጃ በአጠገቧ አላለፈችም።

«ውጣልኝ» አለች።

«ጃኬቴስ?»

«እጅጌው አልተገጠመም። ያለ እጅጌ ትሄዳለህ ወይስ ያለ ጃኬት?»

ያለ ጃኬት ሄደ።

እሷ ለማኅበሩ ዳኛ ደወለች። ዳኛው ጨዋ ወጣት ነው። የሆነውን ሁሉ ሰምቶ፣

«እናቴ፣ እርስዎ አልጠየቁም። በግድ ነው የተነገረዎት። ለዚህ ጉዳይ ደንቡ ዝም ይላል። የመሰለዎትን ይጫወቱ» አላት።

«ደንቡ ዝም ካለ እኔ እናገራለሁ፤ ያቺን እርምጃ አልጫወትም። ይህን እወቅልኝ፣ ለማንም ግን አትንገርልኝ።»

«ባይነግሩኝ ማንም እኮ አያውቅም ነበር፣ እናቴ።»

«ልጄ፣ እዚህ ሰፈር? ሁለት ሰው ሰምቷል። አሁን ስናወራ ሃያ ሆነዋል።»

ዋሸች ማለት አይቻልም። ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ንጉሡ የት መግባት እንዳለበት ያውቅ ነበር። ቼዝ ከዳማ የማይለዩ ሰዎች ሳይቀሩ በመስኮት ብቅ እያሉ «ጥግ! ጥግ!» አሉ። ዳቦ ሻጩ ዳቦ ሲሰጣት «ጥጉን እንዳትረሺ» አላት። ማምሻውን እህቷ መጣች፤ ተቆጥታ፣ የባሏን ጃኬት ሰበብ አድርጋ።

«ሰውየው ስምሽን አጥፍቷል። እግዜር መልሱን አፍሽ ላይ ሲያጎርስሽ ትተፊዋለሽ?»

«እግዜር ነው ወይስ ባልሽ?»

«አንቺ ራስሽም ታገኚው ነበር እኮ፣ እትዬ! ዛሬ ባታገኚው ነገ።»

«አዎ፣ ምናልባት አገኘው ነበር። አሁን በምን ይታወቃል? ባልሽ የወሰደብኝ እሱን ነው። እርምጃውን ሰጠኝ፣ ማግኘቱን ወሰደብኝ።»

«እና ብትሸነፊስ? ሶኬቷ ተነቀለ ነው የሚሉሽ!»

«ይበሉኝ! በሌላ ሰው እግር ሮጬ ቀደምኩ ከምል፣ በራሴ እግር ተደናቅፌ አፈር ልብላ። ደግሞ ተይኝ፣ ስፌት አለብኝ። የባልሽ እጅጌ ይኸው፤ አፉን ግን መስፋት አልቻልኩም።»

ዳሩ ፈረሱን ወዲያው አልላከችም። ጊዜዋ እስኪያልቅ ሌላ መንገድ ፈለገች፤ መጽሐፎቿን አገላበጠች፤ ጠጠሮቹን አንሥታ ጣለች። የትም ብትሄድ ግን ያቺ ጥግ ተከትላት ትመጣለች፤ የሰማ ጆሮ አልሰማሁም አይል። በመጨረሻ ጠመኔውን አየችው። ታክሲ ነጂው ሳይመጣ በፊት ያሰመረችው መስመር እዚያው አለ፣ ትንሽ ደብዝዞ። «የለካሁት ይሄ ነው፣ የምቆርጠውም ይሄ ነው» አለችና ፈረሱን ላከች።

ፋርማሲስቱ ቀዳዳዋን አገኛት። ንግሥቱ ገብታ የአትንኩብኝን ንጉሥ «ኪሽ! ንጉሥሽን አድኚ!» እያለች ከወዲያ ወዲህ ታሯሩጠው ያዘች፤ እሱም መሄጃ አያጣ፣ እሷም መጨረስ አትችል። አቻ ወጡ። ሰፈሩ ሐዘን ተቀመጠ። ዳቦ ሻጩ ለሳምንት ያህል ሰላምታውን እንኳ በቅሬታ ነበር የሚሰጣት።

ጨዋታው ሲያልቅ ፕሮግራሙ ይፈቀዳል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ መጮኹ አይቀርም። የፋርማሲስቱ መልእክት መጣ፦ «አመለጥኩዎት፣ እመቤት! ኮምፒውተሩ እንደሚለው ንጉሥዎን ጥግ ቢያስገቡ ኖሮ አልቆልኝ ነበር። ዘንድሮ መብራት ጠፍቶብዎት ነው?»

አትንኩብኝ መልእክቱን ሁለቴ አነበበች። ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ ጻፈች፦ «አውቃለሁ። ፈረሱን ሳልልክ በፊት ነግረውኝ ነበር።»

መልስ እስኪመጣ አንድ ሱሪ አሳጠረች፤ አንድ ቀሚስ ተኮሰች። ስልኩ ሲንጫጫ አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ታዲያ ለምን?»

 ጠመኔውን ከሰሌዳው ላይ በእርጥብ ጨርቅ አበሰች፤ ጠጠሮቹን፣ ማጠንጠኛዋንና ቁልፎቹን ጭምር፣ በየቦታቸው ደረደረች፤ አንዱን ቁልፍ ሁለት ቤት ወደፊት ገፋች። ከዚያ ላከችለት፦

«ከንጉሡ ፊት ያለው ወታደር ሁለት ቤት። ተራው የእርስዎ ነው።»

በሩ ላይ ታክሲ ነጂው ቆሟል፣ ጃኬቱን ለብሶ፣ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ቀብሮ፣ ከንፈሩን በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ። ሰሌዳውን አየት ሲያደርግ፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል አለች፦

«አትንኩብኝ!»