ከካሴቱ የተቀነሰው ዘፈን

ከመገናኛ ወደ መሪ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ሾፌሩ አንድ አዲስ አልበም ከፍቶ ድምፁን ለቆት ስለነበር፣ ገና ሲኤምሲ ሳንደርስ ተሳፋሪው በሙሉ ሐያሲ ሆኖ አረፈው። ከኋላ የተቀመጠች ወጣት «ሦስተኛው ትራክ ይመቻል፤ ሌላው ግን ትንሽ ኦልድ ስኩል ነው» ስትል፣ ጓደኛዋ ደግሞ «ቢቱ ቀዝቃዛ ነው» ብሎ አጣጣለው። ጋቢና ያሉት ከረባት ያሰሩ ሰውዬ ግማሽ ሰውነታቸውን አዙረው፣ ዘንድሮ ግጥም የሚባል ነገር የቀረው በዚህ ሰው አፍ ብቻ ነው፣ እናንተ ምኑን ታውቁታላችሁ ብለው ተቆጡ። ሾፌሩ በበኩሉ ሰው የፈለገውን ይበል፣ እሱ ግን ከጠዋት ጀምሮ ሌላ ነገር እንዳልሰማ ተናገረ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። አስተያየት አጥቼ አይደለም። ስለዚህ ዘፋኝ የመጀመሪያ አስተያየቴን የሰጠሁት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ለመስጠት አልደፈርኩም።

ቤቴ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጄ ሐዋሳ ሥራ ይዛ ከሄደች ወዲህ ብቻዬን ስለምኖር፣ በሩን ከፍቼ ስገባ የሚቀበለኝ የፍሪጁ ድምፅ ነው። ያን ቀን ጫማዬን ሳላወልቅ ሶፋው ላይ ተቀምጬ አልበሙን በስልኬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁት፤ አሥራ አንድ ዘፈን። ደግሜ ሰማሁት። የምፈልገው አንድ ዘፈን አልነበረበትም። ከሥሩ የአድማጮችን አስተያየት ማንበብ ጀመርኩ። ልብ የሚደረድሩለት አሉ፤ «እንደ ድሮው አይደለም» የሚሉ፣ ድሮን ግን ያዩ የማይመስሉ ልጆች አሉ፤ ዘፈኑን ትተው እርስ በርስ የሚሰዳደቡም አልጠፉም። ከመሃላቸው አንዱ «ይህን ሰው ያሳደገች እናት ትባረክ» ብሎ ጽፎ ነበር። ስልኩን አስቀመጥኩት። እናቱን አውቃቸዋለሁ። አንድ ግቢ ነው የኖርነው።

ግቢያችን የካ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ከፍ ብሎ፣ መንገዱ ወደ ዳገቱ ከሚታጠፍበት ላይ ነበር። ግቢው ራሱ ተዳፋት ስለሆነ የጠፋ ኳስ የሚፈለገው ሁልጊዜ በር ላይ ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ከላይ ከባህር ዛፉ ጫካ የሚወርደው ቀይ ጎርፍ የማንንም ጫማ ሳይመርጥ ይዞ ይሄድ ነበር። ዋናው ቤት የእኛ ሲሆን፣ አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለነበር ሰፈሩ የሚያውቀን «የመዝገብ ቤቱ አቶ ገብሬ» ተብለን ነው። ከጀርባችን በኮምፔርሳቶ ብቻ የተለየች አንዲት ሰርቪስ ክፍል ነበረች። እዚያ ተካልኝና እናቱ እማማ ዘርፌ ተከራይተው ይኖሩ ነበር።

ተካልኝ ያኔ ሃያ ሁለት ወይ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ቀን ማተሚያ ቤት ይሠራል፤ ጣቶቹ ሁልጊዜ በቀለም የጠቆሩ ስለነበሩ ሰላም ሲለን የእጁን አንጓ ነበር የሚዘረጋልን። ከሥራ ሲመለስ አንድ ክር የጎደለው ጊታሩን ይዞ ይቀመጥና የራሱን ግጥም በራሱ ዜማ ይዘፍናል፤ ይሰርዛል፤ እንደገና ይጀምራል። እኔ ከግድግዳው ወዲህ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። በዚህ የተነሳ የማባዛት ሠንጠረዥን በሙሉ በዜማ ነው የማውቀው፤ ዛሬም ሰባት ጊዜ ስምንት ሲሉኝ መልሱ የሚመጣልኝ ከእነ ጊታሩ ነው። አንዳንዴ አብሬው ማንጎራጎር እጀምርና፣ ሲሰማኝ ግድግዳውን ሁለቴ ያንኳኳል። እኔም ሁለቴ እመልሳለሁ። ፊት ለፊት ስንገናኝ ግን ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አንስተን አናውቅም።

እማማ ዘርፌ እንጨት ለቃሚ ነበሩ። ጎህ ሳይቀድ ወደ እንጦጦ ይወጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ፣ እኛ ከትምህርት ቤት ስንመለስ፣ ከወገባቸው ጎብጠው በጭራሮና በቅጠል ሸክም ተሸፍነው ይወርዳሉ። ሸክሙ ከበራችን ስለሚሰፋ ለመግባት በጎን መዞር ነበረባቸው፤ ቅጠሉ ቆርቆሮውን እየጠረገ ሲገባ የሚያወጣው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሸክማቸውን አውርደው፣ ወገባቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው ቀና ሲሉ፣ ከምንም ነገር በፊት ይስቃሉ። ለምን እንደሚስቁ አላውቅም። ምናልባት ያን ቀንም በመጨረሳቸው ይሆናል። ልብሳቸው ባህር ዛፍ ባህር ዛፍ ይሸት ስለነበር እሳቸው ሲስሙኝ ጉንፋኔ የሚለቀኝ ይመስለኝ ነበር።

ተካልኝ ስለዚህ ነገር ዘፈን ሠራ። እኔ ከግድግዳው ማዶ ሆኜ ቃል በቃል ሲወለድ ሰምቼዋለሁ። እንዲህ ይጀምራል፦

ከእንጦጦ ላይ ወርዳ እናቴ ስትገባ፣
በጀርባዋ ጫካ በፊቷ አበባ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን የዘፈነ ቀን ደብተሬ ላይ አልቅሼ የሒሳብ ሥራዬ ተጨማለቀ፤ በማግስቱ አስተማሪዬ ተቆጡኝ።

አሥር ዘፈን ሲሞላለት፣ ወደ ሙዚቃ ቤት ከመውሰዱ በፊት ሰፈሩ ሰምቶ እንዲፈርድለት ፈለገ። አባቴ በልዩ ቀን ብቻ የሚነካውን ቴፕ ሪከርደሩን አዋሰውና ሁሉንም በአንድ ካሴት ቀዳው። አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ቴፑ በርጩማ ላይ ሆኖ፣ ገመዱ በመስኮት ተጎትቶ፣ ግቢያችን ውስጥ ተሰበሰብን። አባቴና እናቴ፣ ጥግ ላይ ሱቅ ያላቸው ጋሽ አወል፣ የጎረቤታችን እትዬ ባፈና፣ ከደብሩ መሪጌታ ጥዑም፣ እኔ። እማማ ዘርፌ ከሁሉም ኋላ፣ ከእንጨታቸው ክምር አጠገብ፣ የታጠበች ነጠላ ለብሰው ተቀምጠዋል።

አስተያየቱ ከዘፈኑ ይበልጥ ይረዝም ነበር። ጋሽ አወል ከስልጤ አገር ከመጡ ጀምሮ ያልሸጡት ነገር ስላልነበረ በሽያጭ ዓይን ነው የሰሙት። «ወንድሜ፣ ድምፅህ ማር ነው፤ ግን ትከሻ የሚያንቀጠቅጥ ከሌለበት ማን ይገዛሃል?» አሉት። መሪጌታ ጉልበታቸውን በጣታቸው እየመቱ ስንኙን ሲለኩ ቆይተው፣ አራተኛው ዘፈን ላይ «ይኼ ቤት አልመታም» ብለው አስቆሙት፤ ቴፑ ወደ ኋላ ተጠቅልሎ ሦስት ጊዜ ከተሰማ በኋላ መትቷል ተባለ። እትዬ ባፈና ሁሉንም ወደዱት፤ ችግሩ፣ ገና ሳይጀምርም ወደውት ነበር።

የእንጦጦው ዘፈን ሲመጣ ግን ግቢው ጸጥ አለ። ማንም ወደ ኋላ ዞሮ ወደ እማማ ዘርፌ አላየም። ዘፈኑ ሲያልቅ ጋሽ አወል ዝምታው ከብዷቸው ነው መሰለኝ «እስቲ ብርቄ ትፍረድ፤ ልጅ አይዋሽም» አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ተካልኝም ዞረ፤ ከሁሉም የሚበልጠውን አስተያየት ከእኔ እንደሚጠብቅ ከዓይኑ ያስታውቅ ነበር። አፌን ከከፈትኩ እንደማለቅስ ገባኝ። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከማለቅስ ብዬ፣ ራሴን እትዬ ባፈና ትከሻ ላይ ጥዬ ዓይኔን ጨፍኜ ማንኮራፋት ጀመርኩ።

ግቢው በሳቅ ፈነዳ። መሪጌታ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። አባቴ «ባለጌ!» እያለ ይስቃል። ተካልኝም ሳቀ። ዓይኔን ስገልጥ እማማ ዘርፌ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሥተው፣ ዝናብ የሚመጣ ይመስል የእንጨቱን ክምር በላስቲክ እየሸፈኑ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ ካሴቱ ወጣ። አባቴ ገዝቶ ይዞት ሲመጣ ከእጁ ነጥቄ ዝርዝሩን አነበብኩ። የእንጦጦው ዘፈን የለም፤ በእሱ ቦታ ትከሻ የሚያንቀጠቅጥ ገብቷል። ጋሽ አወል ያን ዘፈን ሱቃቸው በር ላይ እየከፈቱ «የእኔ ምክር ነው» ማለት የተዉት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ተካልኝ ታወቀ፤ ሌላ ሰፈር ቤት ተከራይቶ እናቱን ይዞ ሄደ። ከመሄዱ በፊት በነበሩት ቀናት ግድግዳውን ሁለቴ አንኳኩቼ ነበር፤ አልመለሰልኝም። ዕቃ እያሰሩ ስለነበር አልሰማኝ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እማማ ዘርፌ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማረፋቸውን የሰማነው ከተቀበሩ ወዲህ ነው።

አዲሱ አልበም በወጣ በሦስተኛው ሳምንት ተካልኝ ከአድማጮቹ ጋር እንደሚገናኝ ሰማሁና መገናኛ አካባቢ ወዳለ አዳራሽ ሄድኩ። ማይክ እየዞረ ወጣቶች አስተያየት ሰጡ፤ አመሰገኑ፤ አንዲት ልጅ አለቀሰች፣ ማንም አልሳቀባትም። እኔ እጄን አላወጣሁም። ሲያበቃ ፖስተር ለማስፈረም ሰልፍ ያዝኩ። ጸጉሩ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። ጣቶቹ ንጹሕ ናቸው።

«ማን ብዬ ልጻፈው?» አለኝ ቀና ሳይል።

«ብርቄ። የካ ሚካኤል፣ የመዝገብ ቤቱ የአቶ ገብሬ ልጅ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ብርቄ! የግድግዳ ማዶዋ ብርቄ?»

«እንዴት ነዎት፣ ጋሽ ተካልኝ?»

«ምን እርስዎ ትይኛለሽ! አንቺም እንዲህ ካልሽኝ በቃ አርጅቻለሁ ማለት ነው።»

የተዘጋጀሁበት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። «ያ የእንጦጦው ዘፈን፣ አዲሱ አልበም ላይ ይኖራል ብዬ ነበር» አልኩት።

«እሱን የሚያስታውስ ሰው አለ እንዴ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከካሴቱ ያስቀነሰችኝ እናቴ ናት። ያን ዕለት ሰው ሲስቅ በሸክሟ የሳቁባት መሰላት። ‹ልጄ፣ ሸክሜን ለሰው አትንገር፤ የተሸከምኩት አንተ ቀና ብለህ እንድትሄድ ነው› አለችኝ። አልሳቁብሽም ብዬ ብምልላት አልሰማ አለችኝ።»

«ያሳቃቸው ማን እንደነበር ታስታውሳለህ?»

«እንጃ፣ ጋሽ አወል መሰሉኝ። ሁሌ የሚያስቁን እሳቸው አልነበሩ?»

ጋሽ አወል ከሞቱ ቆይተዋል። ዝም ብል ነገሩ እሳቸው ላይ ይቀር ነበር። «እኔ ነኝ» አልኩት። «እንዳላለቅስ ብዬ ነው ያንኮራፋሁት።»

ከኋላዬ ያለው ሰልፍ መንቆራጠጥ ጀምሯል። «አንቺማ ልጅ ነበርሽ» አለኝ በመጨረሻ። እስኪለው ድረስ ግን ጊዜ ወስዶበታል፤ ያን ጊዜ ቆጥሬዋለሁ።

ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ ግጥሙ ትዝ ይለኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሁለቱን ስንኝ አልኩለት። ዓይኑን ጨፈነ። «ቀጥይ» አለኝ። መቀጠል አልቻልኩም። ለካ እሱም ከዚያ ወዲያ የለውም፤ የጻፈበት ወረቀት ቤት ሲቀያይር ጠፍቷል፤ ተስፋው ያን እሑድ የሰማናት፣ እኛ ቤት የቀረችው ካሴት ነበረች። እናቴ በዚያች ካሴት ላይ የአክስቴን ሠርግ እንደቀዳችባት ነገርኩት። ከልቡ ሳቀ፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን ፊቱ ላይ ምንም አልቀረም። ፖስተሩ ላይ ከስሜ ሥር ስልክ ቁጥሩን ጽፎ «ከመጣልሽ ደውይልኝ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ዕቃ ሳጥብ፣ ታክሲ ስጠብቅ፣ ተማሪዎቼን ስፈትን እፈልገዋለሁ። ዜማው ይመጣል፤ ቃሉ የለም። ሁለተኛው አንጓ ስለ በሩ ይመስለኛል፤ በጎን ዞረው ስለ መግባታቸው። ግን እሱን ከዘፈኑ ሰምቼው ይሁን በዓይኔ አይቼው መለየት አቃተኝ። አንድ ቅዳሜ ግቢያችን ወደነበረበት ሄድኩ፤ መስታወት የለበሰ ሕንጻ ቆሞበታል፤ ዘበኛው ማንን እንደምፈልግ ጠየቀኝ፤ መንገዱን ይዤ ቁልቁል ተመለስኩ። ያን እሑድ ከተሰበሰቡት ሰዎች አባቴ የለም፣ እናቴ የለችም፣ መሪጌታም አርፈዋል። እትዬ ባፈና አሉ፤ ቤታቸው ሄጄ ስለ ካሴቱ ስጠይቃቸው እጄን ይዘው «ደስ የሚል ዘፈን ነው» አሉኝ፤ ማን እንደሆንኩ ግን አላወቁኝም።

ትናንት ከሰዓት ደወልኩለት።

«አልመጣልኝም» አልኩት።

«እኔም አልመጣልኝም» አለኝ።

በእሱ በኩል ሰው አይንቀሳቀስም፣ ቴሌቪዥን አይሰማም፤ በእኔ በኩል ፍሪጁ ብቻ። ስልኩን ይዘጋዋል ብዬ ስጠብቅ፣ «እስቲ ያለችንን በያት» አለኝ።

ድምፄ ጥሩ አይደለም፤ ቢሆንም ዘፈንኩለት። ሁለት ስንኝ ቶሎ ያልቃል።