አሰለፈችና ስድስቱ ማይክሮስኮፖች

አሰለፈች ገብረአብን መጀመሪያ ያወቅኋት በሳቋ ነው። ደብረ ብርሃን ጠባሴ ወዳለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን አማርኛ ላስተምር ተመድቤ የመጣሁ ሰሞን፣ ጠዋት ብርዱ ጆሮ በሚቆርጥበት ሰዓት፣ ከላቦራቶሪው በኩል አንዲት ሴት ስትስቅ እሰማ ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። እኛ መምህራን እጃችንን ከካፖርት ኪስ ማውጣት አቅቶን ስንንቀጠቀጥ፣ እሷ ወለሉን በዚያ በረዶ ውኃ ወልውላ፣ ከጥበቃው ጋር እየተቀላለደች መስኮት ትከፍታለች።

ተወልዳ ያደገችው አንኮበር ነው። አባቷ ቄስ ገብረአብ ከቅዳሴ በተረፋቸው ጊዜ የብራና መጻሕፍት ይጠርዙ ነበር። የተበተነ ዳዊት፣ ጀርባው የተላቀቀ ተአምረ ማርያም ከየደብሩ ይመጣላቸዋል። ከአምስቱ ልጆቻቸው መካከል ክርና ወስፌ የሚያስነኩት አሰለፈችን ብቻ ነበር። «ብራና የቸኮለ እጅ አይወድም» ይሏታል። እሷም አትቸኩልም። ትምህርቷንም ትወድ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል እንደገባች ግን አባቷ ዓይናቸው እየደከመ ሄደ፤ ቤቱ ሠርቶ የሚያመጣ ሰው አጣ። እሷም ደብተሯን ለታናሿ ሰጥታ ሥራ ፍለጋ ደብረ ብርሃን ገባች። ብዙ ዓመት በቀን ሥራ ቆይታ ትምህርት ቤታችን በጽዳት ቀጠራት።

የባዮሎጂ መምህራችን ፀደንያ ትባላለች። ከአርባ ምንጭ የመጣች፣ ያኔ ገና ሃያ አምስት ያልሞላት ልጅ ነበረች፤ ብርዱን አልችል ብላ ከነጭ ጋወኗ በላይ ጋቢ ደርባ ታስተምራለች። ላቦራቶሪው ውስጥ ሰባት ማይክሮስኮፖች ነበሩ፤ የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው። ስድስቱ ላስቲክ ለብሰው መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል። ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጥቶ ያያቸዋል ከተባለ ዓመታት አልፈዋል።

በአንድ ማይክሮስኮፕ ሃምሳ አራት ተማሪ ሲያይ ወንዶቹ ተጋፍተው ከፊት ይቆማሉ፣ ሴቶቹ ከኋላ። የመጀመሪያዋ ሴት ተራዋ ሲደርስ ደወል ይደወላል። ሴቶቹም ይህን ለምደውት፣ ገና ሲገቡ የመጽሐፉን ሥዕል ደብተራቸው ላይ መገልበጥ ይጀምሩ ነበር። ፀደንያ አንድ ቀን ተናዳ ሴቶቹን ከፊት አሰለፈቻቸው። ቀዳሚዋ ማኅደረማርያም የምትባል ጭምት ልጅ ነበረች። ዓይኗን ልታስጠጋ ጎንበስ ካለች በኋላ፣ «ይቅርብኝ ቲቸር፣ እኔ ከነካሁት ይሰበራል» ብላ ወደ ኋላ ተመለሰች። ክፍሉ ሳቀ።

አሰለፈች መወልወያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እሷ አልሳቀችም። ተማሪዎቹ ሲወጡ ወደ ፀደንያ ቀረበች።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? እነዚያ ስድስቱ ምን ሆነው ነው?»

«ተበላሽተዋል። ማዞሪያቸው አይንቀሳቀስም፣ ምንም አይታይባቸውም።»

«ማዞሪያው እኮ አልተሰበረም። አቧራ ስጠርግላቸው አያለሁ። ውስጡ ያለው ግራሶ ነው ደርቆ የያዘው። መስታወታቸውም ሻግቷል እንጂ አልተሰነጠቀም።»

ፀደንያ ዞር ብላ አየቻት። «መቼ ነው እንዲህ ያየሻቸው?»

«በየቀኑ ነዋ! አራት ዓመት ሙሉ።»

ፀደንያ ከሁሉ የባሰውን መርጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ይኼ ከዚህ በላይ አይበላሽም። ሞክሪው። ደግሞ እርስዎ አትበዪኝ፤ ታናሽሽ ነኝ።»

ክረምት ገባና ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። አሰለፈች ሰዓት ከሚጠግን ሰው ትንሽ ካቻቪቴ ተዋሰች። የምትፈታውን እያንዳንዱን ብሎን ነጭ ወረቀት ላይ እያስቀመጠች፣ ከሥሩ ቁጥር እየጻፈች፣ ማይክሮስኮፑን ለሚያየው የሚያስፈራ እስኪሆን ድረስ በታትና ፈታችው። የደረቀውን ግራሶ ቤንዚን በነካ ጨርቅ ጠረገች፣ ሌንሶቹን ባረጀ ነጠላ ጫፍ አበሰች። መጀመሪያ ስትገጥመው አንድ ስፕሪንግ ተረፋት። እንደገና ፈታችው። ሁለተኛ ስትገጥመው ማዞሪያው ወደ ላይ ሲሉት ወደ ታች ይሄዳል። እንደገና ፈታችው። ፀደንያ «ይብቃሽ» ብትላት፣ «አባቴ አንድ መጽሐፍ ሦስት ጊዜ ፈትቶ ሲጠርዝ አይቻለሁ» አለቻት።

በሦስተኛው ሠራ።

ፀደንያ ከሽንኩርት ላይ ስስ ልጣጭ ገፍፋ፣ ስላይድ ላይ ዘርግታ፣ አዮዲን ጠብ አደረገችበት። አሰለፈች ዓይኗን አስጠጋች። መጀመሪያ ጭጋግ ብቻ ነበር። ማዞሪያውን ቀስ አድርጋ አዞረችው።

«ውይ!» አለች። «ቤት ነው! ክፍል ክፍል አለው! በየክፍሉ ደግሞ አንዳንድ ነጥብ ተቀምጧል!»

«ክፍሎቹ ሴል ይባላሉ። ነጥቡ ኒውክለስ ነው።»

«ስንት ዓመት ጠረግሁት! ይኼን ልጣጭ ስንት ዓመት ወደ ቆሻሻ ጣልሁት!» እያለች ሳቀች፤ ሳቋ ከእንባ ጋር ተቀላቀለ። እኔ ያላለቀልኝን የዓመቱን የፈተና ወረቀት ላርም ቢሮ ተቀምጬ ነበርና ድምፁን ሰምቼ ሮጥሁ። ጎትታ አምጥታ አሳየችኝ። መምህር ሆኜ ይህን ማውራት ያሳፍራል፤ ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴል ያየሁት ያን ቀን ነው።

ወሬው ርዕሰ መምህራችን አቶ ቴዎፍሎስ ጋ ለመድረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ ያለ ደብዳቤ ወንበር እንኳ ከክፍል ወደ ክፍል አያዛውሩም።

«የመንግሥት ንብረት ማን ፈቅዶልሽ ነው የፈታሽው?» አሏት።

«የሞተ አይሞትም ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ጎንበስ አሉና ተመለከቱ። ቆዩ። «ይኼ የሚርገበገበው ጥቁር ነገር ምንድን ነው?» ብለው በአድናቆት ጠየቁ። ፀደንያ አፏን በጋቢዋ ሸፈነች።

«የእርስዎ ሽፋሽፍት ነው፣ ጋሼ» አለች አሰለፈች።

ከሁላችንም በፊት የሳቁት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «የቀሩትንም ፍቺያቸው። ግን በደብዳቤ ይሁን» አሉና ደብዳቤውን ያንኑ ዕለት ጻፉላት።

ከስድስቱ አምስቱ ዳኑ፤ ስድስተኛው ለሌሎቹ መለዋወጫ ሆነ። መስከረም ላይ ተማሪዎቹ ሲገቡ ስድስት የሚሠሩ ማይክሮስኮፖች ተደርድረው ጠበቋቸው። ፀደንያ በየቡድኑ ማዞሪያውን የምትይዝ አንዲት ሴት ልጅ መደበች። ማኅደረማርያም አሁንም ከኋላ ቀርታ ነበር። አሰለፈች ጠራቻትና ያን መለዋወጫ የሆነውን ማይክሮስኮፕ ፊቷ አስቀመጠችላት፤ ካቻቪቴውንም በእጇ አስያዘቻት።

«ነይ፣ አብረን እንስበረው።»

ልጅቷ የምትቀልድ መሰላት። አሰለፈች ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች። አንድ ብሎን፣ ሁለት ብሎን ፈቱ፣ መልሰው አሰሩ። ሌንሱን አወጡ፣ መልሰው ከተቱ። ደወል ሲደወል ማኅደረማርያም ጣቶቿ ግራሶ ሆነው፣ «እኔ ነኝ የገጠምሁት» እያለች ለጓደኞቿ ታሳይ ነበር። ከዚያ ሳምንት ወዲያ ያቺን ጭምት ልጅ ዝም ማሰኘት አልተቻለም። በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ባዮሎጂ ላይ የክፍሉን ከፍተኛ ውጤት ያመጣችው እሷ ናት።

ተማሪዎቹ አሰለፈችን «ቲቸር» ማለት የጀመሩት ያን መስከረም ነው። አልወደደችውም።

«ቲቸር አትበሉኝ! እኔ ዘጠነኛን እንኳ አልጨረስሁም።»

«ታዲያ ለምን አይጨርሱትም?» አለቻት ማኅደረማርያም።

  አሰለፈች በሚቀጥለው ሰኞ፣ በሠላሳ ሁለት ዓመቷ፣ የማታ ትምህርት ተመዘገበች። ሒሳብ አስቸገራት። በምሳ ሰዓት ላቦራቶሪው ውስጥ ቁጭ ብለው ማኅደረማርያም አልጀብራ ታስረዳታለች፤ አሰለፈች ደግሞ ከምሳ ዕቃዋ ዳቦ ቆርሳ ታጎርሳታለች። አሥረኛን አለፈች። ቴክኒክ ኮሌጅ ገብታ ሦስት ዓመት ተማረች። የብቃት ምዘናውን አንዴ ወድቃ በሁለተኛው አለፈችና፣ አቶ ቴዎፍሎስ የላቦራቶሪ ቴክኒሽያንነት ሹመቷን፣ እንደ ልማዳቸው በደብዳቤ፣ በሰልፍ ላይ አነበቡላት። አንኮበር ወርዳ የምስክር ወረቀቱን ለአባቷ ስትሰጣቸው፣ ማየት ስለተሳናቸው በጣታቸው ዳሰሱት። «ብራና አይደለም» አሉ። «ግን ጥሩ ወረቀት ነው።» ከዚያ አንገቷን አቅፈው አለቀሱ፣ ሳሟት፣ መረቋት።

ከዚህ በኋላ ስሟ በየትምህርት ቤቱ ተሰማ። ጫጫ ጠሯት፣ ደብረ ሲና ጠሯት። ካቻቪቴና ግራሶዋን በቦርሳ ይዛ በሚኒባስ ትዞር ጀመር። እኔ አብሬያት የሄድሁት አሊዩ አምባ ነው።

ከአንኮበር ቁልቁል ስንወርድ ሹራባችንን አወለቅን፤ ግማሽ መንገድ ላይ ላብ አጠመቀን። የትምህርት ቤቱ ሦስት ማይክሮስኮፖች የተበላሹ አልነበሩም፤ ማንም ደፍሮ ካርቶናቸውን አልከፈተም እንጂ። አሰለፈች አውጥታ በረንዳው ላይ፣ ለፀሐይ እንዲመቹ አድርጋ ደረደረቻቸው። ሰዓዳ የምትባል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በሃይላንድ የኩሬ ውኃ ቀድታ አመጣች። አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ አኑራ ዓይኗን ካስጠጋች በኋላ ከዚያ የሚያነሳት ጠፋ።

የገበያ ቀን ነበር። እናቷ ወይዘሮ ዘምዘም ሽንኩርትና ሎሚ ይሸጣሉ። ልጃቸው ብትዘገይባቸው በቁጣ ግቢው ውስጥ ዘለቁ።

«ሰዓዳ! ገበያተኛው ተሰልፎ አንቺ እዚህ ትጫወቻለሽ?»

«እማ፣ ነይ እይ! አንዴ ብቻ!»

አሰለፈች ወንበር ለቀቀችላቸው። ወይዘሮ ዘምዘም አጎንብሰው አዩ። «ሱብሃነላህ!» ብለው ወደ ኋላ ተፈናጠሩ፤ ደግሞ ተመልሰው አዩ። «ይኼ የሚዋኘው ሁሉ ከየት መጣ?»

«ከምንቀዳው ኩሬ» አለች ሰዓዳ።

«እኛ የምንጠጣው?»

«አዎ።»

ሴትዮዋ ተነስተው ከግቢው ወጡ። ተቆጥተው የሄዱ መስሎን ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የገበያውን ሴቶች አስከትለው ተመለሱ። አንዷ በሃይላንድ፣ አንዷ በጀሪካን፣ አንዷ በሻይ ብርጭቆ ውኃ ይዛ፣ በረንዳው ዙሪያ እስከ አጥሩ ድረስ ተሰለፉ። ሰዓዳና ጓደኞቿ ጠብታ ያንጠባጥባሉ፣ ማዞሪያ ያዞራሉ፣ «እዚህ ጋ ይዩ፣ ግራ ዓይንዎን ይጨፍኑ» እያሉ ለእናቶቻቸው ያስረዳሉ። ጩኸቱና ሳቁ ሌላ ገበያ ሆነ። አንዲት አሮጊት የፈላ ውኃ በፔርሙዝ አመጡ፤ ሲታይ የሚንቀሳቀስ የለም። አሰለፈች ግን ጠንቀቅ ብላ ተናገረች፦ «በዚህ የማይታይ ከዚህም ያነሰ በሽታ አምጪ አለ። ውኃው ጥርት ያለ ቢመስልም ማፍላቱ ነው የሚበጀው።»

ሲጨርሱ ወይዘሮ ዘምዘም አሰለፈችን ለብቻ ያዙ።

«ይኼን ነገር ለማወቅ ስንት ዓመት ይፈጃል?»

«አሁን ያለችበትን ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ ብትገባ፣ አራት ዓመት።»

«አራት ዓመት ምን አላት!» አሉ። «ሽንኩርቱን እኔው እሸጠዋለሁ።» ስንሄድም የሎሚ ከረጢት በግድ አሸከሙን።

ቃላቸውን ጠበቁ። ሰዓዳ ዛሬ እዚሁ ደብረ ብርሃን የሕክምና ላቦራቶሪ ትምህርት ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ማኅደረማርያም ኬሚስትሪ ተምራ፣ በአንድ የብቅል ፋብሪካ የጥራት ክፍል ገብስ ትመረምራለች። ፀደንያ ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ ወደኛው ተመልሳለች፤ ብርዱን ግን እስካሁን አልለመደችውም።

አሰለፈች ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ላቦራቶሪውን ለሴት ልጆች ትከፍታለች። ባለፈው ቅዳሜ ብቅ ብዬ ነበር። ስምንት ልጆች አንድ ማይክሮስኮፕ በትነው ከበውታል። ገና ከመግባቴ አንዷ «ብሎን ጠፋ!» ብላ ጮኸች። ከሰሊጥ የማትበልጥ ብሎን ናት። ስምንቱም፣ አሰለፈችም፣ ለጥየቃ የመጣችው ሰዓዳም መሬት ላይ በጉልበታቸው ተንበርክከው ፍለጋ ያዙ፤ በጠረጴዛ ሥር ግንባር ለግንባር ይጋጫሉ፣ ይሳሳቃሉ።

«አይንቀሳቀሱ!» አለችኝ አንዷ በድንገት። ብሎኗ ከጫማዬ ሥር ተገኘች። ልጅቷ አንስታ፣ እፍ ብላባት፣ ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረገቻት።

«ይቺ የት ነበር የምትገባው?»

ሰባቱም በአንዴ መለሱላት።