ታኮ በሩት ፊፍቲ

መኪናው ውስጥ አራት ነበርን። መሪው ላይ ጋሼ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም። ከጎናቸው ልጃቸው፣ የመኪናው ባለቤት። ከኋላ በስተቀኝ እናቴ፣ የዳቦ ከረጢት ጭኗ ላይ አድርጋ። በስተግራ እኔ።

ጋሼ በወጣትነታቸው ከአሰብ ወደ መሀል አገር በተሳቢ መኪና ጭነት ያመላልሱ ነበር። አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልጃቸው ቤት፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠው ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳቸው ሰው ይጠብቃሉ። የሜሪላንድ መንጃ ፈቃድ ካወጡ አምስት ወር ሆኗቸዋል። ልጃቸው ግን ቁልፉን አትሰጥም። በመጨረሻ ውል ገቡ። ከኦሽን ሲቲ፣ ከባሕሩ ዳር ተነስተው፣ ሩት ፊፍቲ በሚባለው አውራ ጎዳና ተራራውን አቋርጠው ሸናንዶዋ ሸለቆ እስኪወርዱ ድረስ እሷን አንድ የማስጠንቀቂያ ቃል ካላስናገሯት አለፉ።

«ሰኞ ኢንሹራንሱ ላይ ስምህን አድ አደርጋለሁ» አለቻቸው። «አንድ ጊዜ ‹አባዬ፣ ተጠንቀቅ› ካልኩ ግን አበቃ። ቁልፌን ትመልሳለህ።»

«አንቺ አፍሽን መዝጋት ከቻልሽ እኔ መንዳት እችላለሁ።»

ባሕሩ ዳር አድረን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ተነሳን። ከመነሳታችን በፊት ጋሼ አራቱንም ጎማ በእግራቸው መቱ። የጎማውን አየር ዳሽቦርዱ እንደሚያሳይ ነገርኳቸው።

«እሱም ይየው፣ እኔም ልየው» አሉ።

የሜሪላንድ ምሥራቅ ሜዳ ነው። በቆሎ፣ የዶሮ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ እንደገና በቆሎ። ጋሼ ከተፈቀደው ፍጥነት አምስት ማይል ዝቅ ብለው ነዱ። ረጅሙ ድልድይ፣ ቤይ ብሪጅ ላይ ስንወጣ እናቴ ዓይኗን ጨፈነች።

«አለቀ?»

«አላለቀም» አልኳት።

«አሁንስ?»

«አንቺ፣ የምነዳው እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» አሉ ጋሼ።

«አንተማ ንዳ፤ እኔ ጸሎት ላይ ነኝ።»

ልጃቸው የበሩን እጀታ ጨብጣ ውሃውን ታይ ነበር።

ዋሽንግተን ስንደርስ ከተማውን በሚዞረው መንገድ፣ በቤልትዌይ፣ እንዙር ብዬ ነበር። ጋሼ እምቢ አሉ። ውሉ ሩት ፊፍቲ ነው፤ ስለዚህ ከተማውን በመሀል አቋረጥነው። አሥራ አንድ ቀይ መብራት ይዞናል። ከሚድልበርግ በኋላ መንገዱ አማረ፦ የድንጋይ አጥር፣ ፈረሶች፣ ከሁለቱም በኩል የሚጎነበሱ ትልልቅ ዛፎች። ፓሪስ የምትባል መንደር አለች፤ ያየሁት ምልክቷን ብቻ ነው።

ተራራው ላይ ጋሼ መታጠፊያ ባገኙ ቁጥር ክላክስ ማድረግ ጀመሩ። ለሚመጣው መኪና ነው። መንገዱ በመሀል የተከፈለ ስለሆነ የሚመጣ መኪና የለም። አጠገባችን ይነዳ የነበረ ሰውዬ መስኮቱን ከፍቶ እጁን አወናጨፈብን። ጋሼ ሰላምታ መስሏቸው በእጃቸው መለሱለት። ልጃቸው ከንፈሯን ነከሰች።

ቁልቁለቱ ሳይጀምር ሰፋ ያለ ዳር አግኝተው አቆሙ።

«ፍሬኑ ይቀዝቅዝ» አሉ።

ፍሬኑ አልሞቀም ነበር። ወርደው ከመንገዱ ዳር አንድ ድንጋይ መረጡና በቀኙ የፊት ጎማ ሥር አስገቡት፤ መኪናው እንዳይንሸራተት የሚደረገው ታኮ ማለት ነው። ሸለቆውን እያየን ዳቦውን በላን። ከዚያ ገባን፣ ሞተሩን አስነሱ፣ አልሄዱም። ሁለት እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው የቀኙን መስተዋት እያዩ ተቀመጡ።

«ምነው?» አለች እናቴ።

ዘግይቶ ገባኝ። ረዳታቸውን እየጠበቁ ነበር። በአሰብ መንገድ ታኮ የሚያነሳው ረዳት ነው። አንስቶ መኪናውን ሁለቴ ሲመታ ሾፌሩ ይነሳል። ሾፌር ታኮ ለማንሳት አይወርድም።

ጋሼም ገባቸው መሰለኝ፤ ፊታቸው ተለወጠ። ልጃቸውን ሳያዩ ቀኝ እጃቸውን ከመሪው አንስተው ሞተሩን ሊያጠፉ ወደ ቁልፉ ሰደዱ።

ልጃቸው ቀበቶዋን ፈትታ ወረደች። ጎንበስ ብላ ድንጋዩን አነሳች። ከዚያ ጣሪያውን በመዳፏ ሁለቴ መታች። ልጅ ሳለች፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ እስከ ኮምቦልቻ አብራቸው ትሄድ እንደነበር እናቴ በኋላ ነግራኛለች።

ጋሼ ሄዱ። በአሰብ መንገድ ረዳት የሚሳፈረው እየሮጠ ነው።

«ልጅቷን! ልጅቷን!» ብላ እናቴ ጮኸች።

አሥር ሜትር ያህል ሄደው ቆሙ። ልጃቸው ድንጋዩን እንደታቀፈች በእግሯ መጣች፣ ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ቀበቶዋን አሰረች። አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። የሸናንዶዋን ወንዝ ተሻግረን ሸለቆው ውስጥ እስክንገባ ድረስ ድንጋዩ ጭኗ ላይ ነበር።

«አባዬ» አለች እዚያ ስንደርስ፣ «ከዛሬ በኋላ ታኮ የለም።»

«ቁልቁለት ከሆነ ግን...»

«የለም።»

«አልፌያለሁ?»

«አልፈሃል።»

ሰኞ በምሳ ሰዓቷ ኢንሹራንሱ ጋ ደውላ ስማቸውን አስገባች። በማግስቱ ጋሼ አሌክሳንድሪያ፣ እናቴ ቤት ድረስ ብቻቸውን ነድተው ቤተ ክርስቲያን አደረሷት። እሷ በአውቶቡስ መሄድ ፈልጋ ነበር።

እንግዲህ እኔ ያስታወስኩት ይህን ነው። እናቴ ጣሪያው የተመታው ሦስቴ ነው ትላለች፤ ልጃቸው ደግሞ ርቀቱ አሥር ሳይሆን ሃምሳ ሜትር ነበር ትላለች። ክላክሱን አልቆጠርኩም። ይህን በስልክ የምልክላችሁ ሦስታችሁም እዚያ ነበራችሁ፤ የጎደለውን ጨምሩበት፣ የተሳሳተውን አርሙልኝ። ጋሼ፣ እርስዎ ግን መጀመሪያ መኪናውን ያቁሙ።