የልጅ ልጄን የከለከልኳት ምርቃት

ዛሬ ጠዋት ንፋስ መውጫ መናኸሪያ፣ የልጅ ልጄን ሳልመርቃት ሚኒባሱ ይዟት ሄደ።

አዲስ አበባ ነገረ መለኮትና ፍልስፍና ትማራለች። አሁን የመሰናዶው ዓመት ላይ ናት፤ ዋናው ትምህርት ሳይጀመር መሠረት የሚይዙበት ማለት ነው።

እኔ እሷ የምትማርባቸውን መጻሕፍት ያነበብኳቸው ብቻዬን፣ ከእርሻ መልስ፣ በኩራዝ ነው። ቀንቼባታለሁ። እሱን ግን ችዬው ነበር።

ጉልበቴን ስማ ለምርቃት ጎንበስ እንዳለች፣ "አባባ፣ ክፍላችን ውስጥ የእርስዎ እኩያ የሆኑ ሰውዬ አሉ። መሰናዶው እኮ ትምህርት ያመለጠውንም ይቀበላል። ፊት ወንበር ነው የሚቀመጡት" አለችኝ።

"ግዕዝ ያውቃል?"

"አያውቁም። ግን ለመጠየቅ አያፍሩም።"

እጄን ከራሷ ላይ አነሳሁ። "በይ ሂጂ፣ መኪናው እንዳያመልጥሽ" ብዬ ፊቴን አዞርኩ።

(ሰውዬው ምን በደለኝ? ምንም። ወንበሩ ግን የእኔ ነበር።)

ቤት ገብቼ መጽሐፍ ገለጥኩ፤ አንድም መስመር አልገባኝ አለ። ደወልኩላት።

"የት ደረስሽ?"

"ደብረ ታቦር ልንገባ ነው፣ አባባ።"

"ጎንበስ በይ።"

"መኪና ውስጥ?"

"ጎንበስ በይ አልኩሽ!"

በስልክ መረቅኋት። ድምፁን ከፍ አድርጋው ኖሮ፣ መኪናው ሙሉ ሰው "አሜን" አለ።

"ለሰውዬውስ?" አለችኝ እየሳቀች።

እሱን አልመረቅኩትም። የመሰናዶው ምዝገባ መቼ እንደሚጀመር ግን እሱን ጠይቃ እንድትነግረኝ አዝዣታለሁ።

እናንተስ፣ በማታውቁት እኩያችሁ ቀንታችሁ ታውቃላችሁ? ሳታፍሩ ጻፉልኝ።