ጨው ብቻውን

ዛሬ ጠዋት ልጄ ኑረዲን ጓሮ ሆኖ የማዳበሪያውን ጆንያ ሲፈታ፣ ሽታው አፍንጫዬን ወጋኝና ልጅነቴ መጣብኝ።

ያኔ መስቃን ገጠር ነበርን። በየማለዳው ከበረቱ ፍግ በቅርጫት ተሸክሜ እንሰቱ ሥር መድፋት የኔ ሥራ ነበር። ሰልችቶኝ ነበር። አባቴ ለበቆሎው ያንን ነጭ ማዳበሪያ ሲያመጣ፣ ከሸክሙ የምገላገል መሰለኝና በጣሳ ሰርቄ አንዲት የእንሰት ችግኝ ሥር ገለበጥኩት። በሳምንቱ ቅጠሏ ጫፍ ጫፉ ተቃጠለ።

አክስቴ ዘሃራ፣ የአባቴ እህት፣ ተንበርክካ አፈሩን በእጇ ዛቀችው። ትመታኛለች ብዬ ቆሜያለሁ።

«አንቺ ሰነፍ፣ ይቺ እኮ አድጋ አንቺ ስትወልጂ ለቆጮ የምትፋቅ ነበረች» አለችኝ። ቀና ሳትል ደግሞ፣ «ፍጉ ምግቧ ነው፣ ይኼ ነጩ ደግሞ ጨውዋ ነው። ጨው ብቻውን ማን ይበላል? ሁለቱን አብረሽ፣ በልኩ ነው እንጂ» አለች።

ችግኟ ግን ደረቀች።

«ልጄ፣ ያለ ፍግ አታድርገው፣ እንሰቱን ያቃጥለዋል» አልኩት ዛሬ ኑረዲንን።

«እማ፣ ፍጉን ከየት ላምጣ? ከቡታጅራ በባጃጅ ላስጭን?» ብሎ ሳቀ።

እውነቱን ነው። ላሚቱን አምና ግጦሽ አጥተን ሸጥናት። ከነዚህ እንሰቶች ሌላ ደግሞ ለክፉ ቀን የያዝነው የለንም። አክስቴ ሁለቱን አብረሽ አለችኝ እንጂ፣ አንዱ ሲጠፋ ምን እንደማደርግ አልነገረችኝም።

ፈራሁ። የቀረ ፍግ ቢገኝ ብዬ ቅርጫቴን አንስቼ ወደ በረቱ ሄድኩ። የላሚቱ ካስማ ብቻ ቆሟል። ከጓሮ፣ የኑረዲን ጣሳ ጆንያው ውስጥ ሲገባ ሲወጣ ይሰማኛል።