የአባባ ታመነ የጥየቃ መንገድ

ባለፈው ሳምንት ሚግዳል ገበያ ውስጥ በአንድ ጫማ ቤት በር ሳልፍ የአዲስ ላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና አባባ ታመነን አስታወሰኝ። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ አቲቆት ሰፈር ስንኖር ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ ነበሩ። ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከዚሁ ገበያ የገዙትን ነጭ የስፖርት ጫማ ተጫምተው ሲወጡ በሰፈሩ እንደሳቸው ያማረበት ሽማግሌ አልነበረም። ጫማውን ማታ ማታ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውሉታል።

አያቴ ጥሩነሽ ግን እዚህ አገር ከገባን ወዲህ ከመስኮቱ ሥር ካለው ወንበር አልተነሳችም። አገሯ ሳለች ወንዝ ወርዳ ውሃ ቀድታ የምትወጣ ሴት፣ እዚህ ውሃው ከግድግዳ ይወርዳል፣ ምን ትሥራ? እግሯ አበጠ። የሰፈሩ ክሊኒክ፣ የኩፓት ኾሊሟ ነርስ ሁለት ጣቶቿን ጠረጴዛው ላይ እያራመደች በየቀኑ ካልሄደች እግሯ እንደሚከዳት፣ ያን ጊዜ የአረጋውያን ቤት መግባቷ እንደማይቀር ነገረቻት። አያቴ በአክብሮት ጎንበስ ብላ በዕብራይስጥ «ቤሴዴር»፣ እሺ፣ አለች። ቤት ገብታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

እናቴ ብትለምናት፣ ብትቆጣት አልሆነም።

«ጉዳይ ሳይኖረው የሚዞር እብድ ነው። ሰው ምን ይለኛል?» ትላለች አያቴ።

የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አረጋውያን ቤት ወስደዋት እንዳይቆዩኝ ሁልጊዜ እየሮጥኩ ነበር ደረጃውን የምወጣው።

አንድ የዕረፍት ቀን ጠዋት አባባ ታመነ በራችንን አንኳኩ። «ጥሩነሽ፣ ዝማም ታማለች» አሉ።

እትዬ ዝማም የአያቴ አብሮ አደግ ናቸው፤ እዚህ ስንመጣ ባሕሩ ዳር ያለው አፍሪዳር ሰፈር ቤት ደርሷቸው ተለያዩ። አያቴ ነጠላዋን ስታነሳ አየኋት። የታመመ ሳይጠይቁ መቅረት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። አባባ «አውቶቡሱን ስንጠብቅ ይመሻል፣ በእግራችን እንሂድ» አሉ፤ እኔም ተከተልኩ። አያቴ ሦስት ጊዜ አረፈች፣ የሰው አጥር ይዛ ተነፈሰች፣ አንድ ጊዜም እመለሳለሁ ብላ ነበር። አባባ ግን የዝማምን ሕመም እያከበዱ ወሰዷት።

የባሕሩ ሽታ ሲጀምር፣ ከፊታችን አንዲት አሮጊት ልጃቸውን ተደግፈው መጡ። እትዬ ዝማም ነበሩ።

«አንቺ አይደለሽም እንዴ የታመምሽው?» አሉ አያቴን።

አባባ ታመነ ለካ ዋዜማውን በሕዝብ ስልኩ አሲሞናቸውን፣ የስልክ ሳንቲሙን፣ ከተው፣ ለዝማም ልጅ ደግሞ ጥሩነሽ ታማለች ብለው ደውለዋል። ሁለቱ ሴቶች ተሳስመው፣ ተላቅሰው ሲያበቁ ወደሳቸው ዞሩ።

«ሽበትዎን አያፍሩም? ሽማግሌ ይዋሻል?» አለች አያቴ።

«የቱ ላይ ዋሸሁ? ሁለታችሁም እግራችሁን ታማችኋል። ስትጠያየቁ ይሻላችኋል» አሉ።

አያቴ ልትቆጣ ብላ ሳቋ አመለጣት። እትዬ ዝማም ግን ኮስተር ብለው፣ መንገድ ላይ የተገናኘ ጥየቃ አይቆጠርም፣ ነገ ቤትሽ እመጣለሁ አሉ። የጠየቀሽን መልሰሽ ካልጠየቅሽ ደግሞ ወዳጅነቱ የት አለ? በማግስቱ እሳቸው መጡ፣ በሦስተኛው ቀን አያቴ ሄደች። አባባ ሰዉን ያውቁት ነበር፤ ከዚያ በኋላ መዋሸት አላስፈለጋቸውም። የሌላውም ፎቅ ሽማግሎች ገቡበት። ነጭ በነጭ ሆነው ጎዳናውን ሲሻገሩ የአውቶቡስ ሹፌሮች ቆመው ያሳልፏቸዋል፤ እኔም ለክፍሌ ልጆች «ያቺ የፊተኛዋ አያቴ ናት» እላለሁ። ነርሷ የወረደውን እብጠት ዳብሳ ምን እንዳደረገች ብትጠይቃት፣ አያቴ «ሰው እጠይቃለሁ» ብላ መለሰች። የአረጋውያኑ ቤት ነገር በዚያው ቀረ።

አባባ ታመነ ያረፉት እኔ ወታደር ሳለሁ፣ አፍሪዳር ልጃቸው ቤት ነው። አያቴ ያኔ ሰማንያን አልፋ ነበር። አባቴ ለልቅሶው መኪና ልፈልግ ቢላት ተቆጣች።

«የታመነን ልቅሶ በመኪና ልሄድ?»

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ፣ አውቶቡስ ጠብቀን፣ ተሳፍረን ስንደርስ፣ አያቴ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ እያለቀሰች ነበር።